የአባቴ ባልጩት

ያን ሰውዬ ገና ከመኪናው ሲወርድ ነው የጠላሁት። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ መጀመሪያ አሰላ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ እሱ ደግሞ የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ ሊሰበስብ ከአዲስ አበባ የተላከ አዋቂ ተብዬ። አገር እንዳሳየው ታዘዝኩ። አሰላ የሚኖሩ አንድ ትልቅ ሰውም ጎበሳ በኩል ያለ መሬታቸውን ሊያዩ አብረውን በበቅሎ ወጡ። እኚህ ሰው ልጃቸውን ሊድሩልኝ ቀን ቆርጠዋል። አባቴ ገበሬ ነበር፣ ሞቷል ብያቸዋለሁ። አባቴ ግን ፋቂ ነው፤ ቆዳ ይፍቃል፤ በሕይወትም አለ። የፋቂ ልጅ መሆኔን ቢሰሙ ልጅቱን መስጠት ቀርቶ በአንድ ገበታ አያስቀምጡኝም ነበር።

ሰውዬው ወንዝ ዳር ወርዶ ሹል ድንጋይ ባየ ቁጥር «አገኘሁ!» እያለ ጆንያ ይሞላል። ዳገቱን የምጎትተው እኔ! ሁለት ቀን ቻልኩት፤ በሦስተኛው አንጀቴ አረረ።

«ጌታው፣ ይኼ ውኃ አንከባሎ የሰበረው ነው» አልኩት። «ጠርዙ እዚህም እዚያም እንደነገሩ ተፈርፍሯል። ሰው የመታው ድንጋይ ምቱ ካረፈበት ሥር እብጠት አለው፤ ከዚያ ሞገድ ሞገድ እያለ ይወርዳል። ጠርዙም በአንድ ወገን ብቻ ተራ በተራ እየተመታ ተሸርፏል።»

«ይኼን ከየት ተማርከው?» አሉኝ አማቼ ሊሆኑ የነበሩት ሰው።

«ከመጽሐፍ» አልኩ። ምን ዓይነት ምላስ ነው የሰጠኝ!

ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ሳያሳየኝ ድንጋይ አያነሳም። ወደ አባቴ መንደር ሲያቀና በሌላ መንገድ እንሂድ ብዬ ለመንኩት፤ እምቢ አለ። የፈራሁት አልቀረም፤ ከአባቴ ጎጆ ጀርባ ያለውን ጉድጓድ አየ። አባቴ የዶለዶመ ባልጩት የሚጥለው እዚያ ነው፤ ሜዳ ላይ ከተጣለ የሰውም የከብትም እግር ይቆርጣል። ሰውዬው ያንን ጥቁር ስባሪ ሲያይ ሊያብድ ደረሰ። «ከኖህ በፊት የተሠራ!» እያለ በእፍኙ ያፍስ ጀመር።

አባቴ ጩኸቱን ሰምቶ ወጣ። አየኝ። አራት ዓመት አልተያየንም ነበር።

«የኔ ናቸው ጌቶቼ» አለ፣ ዓይኑን ከእኔ ነቅሎ። «እንጨት ላይ በሙጫ አጣብቄ ቆዳ የምፍቅባቸው ናቸው። ያ ከላይ ያለው የዛሬ ጠዋት ነው።»

«አንተ ሽማግሌ፣ አትቀባጥር!» ብሎ ጮኸበት ያ ባለጌ። ወደ እኔም ዞሮ «አንተ ፍረድ። ጥንታዊ ነው አይደለም?» አለኝ።

ትልቁ ሰው ያዩኛል። አባቴ መሬት መሬቱን ያያል። ከላይ ያለውን ባልጩት አንስቼ አገላበጥኩት። ከቆዳው የተፋቀው ጮማ ገና አልደረቀም።

«ጥንታዊ ነው» አልኩ። «ይኼ ሽማግሌ ውሸቱን ነው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባቴ አልተቆጣም፤ ምነው በተቆጣ፣ ምነው በጥፊ ባጮለኝ!

«ጌታዬ ካሉ ልክ ነው፤ እኔ መሃይሙ ምን አውቃለሁ» አለኝ። ከዚያም ጎንበስ ብሎ ጆንያውን አነሳና በቅሎዬ ላይ ጫነልኝ።