አረድከው ወይስ ባረክከው

አማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። የአንዲት የአማርኛ ቃል ክብደት የገባኝ ግን ከመጽሐፍ አይደለም፤ የሚስቴ አባት ናቸው ያስተማሩኝ፣ ያውም ስድስት ሰው አንድ ሙሉ በሬ ተሸክሞ ፊታቸው ቆሞ ሳለ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ አንኮበር አጠገብ ገደል አፋፍ ላይ ካለች መንደር ለማስተማር ተመድቤ፣ እዚያው አግብቼ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አማቴ «የዚህ ልጅ እጅ ከጠመኔ ሌላ ነገር አንስቶ አያውቅም» ይሉ ነበር፤ ሐሜት እንዳይሆን ደግሞ የሚሉት እኔው ባለሁበት ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ በገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የውይይት ክበብ ይካሄዳል። ከላይ የሚላከውን ጽሑፍ የማነበው እኔ ነኝ። ጽሑፉ ፈጣሪ የሚባል እንደሌለ ያትታል። ገበሬው አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ይሰማኛል፤ ስጨርስም «እግዜር ይስጥልን መምህር» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ያን ቀን ቅዳሜ ነበር፤ በማግሥቱ የሚስቴ ታናሽ እህት ሠርግ ነው። ዳሱ ተጥሏል፣ ጠላው ደርሷል፣ ለሠርጉ ሲቀለብ የከረመውን ዳልቻ በሬ ከግጦሽ እንዳመጣ ተላክሁ። ገበሬ ቢሆን ከገደሉ አፍ ካለችው ቀጭን መንገድ ሲደርስ ከፊት ይቀድምና በሬውን በቀስታ ያስከትላል። እኔ ከኋላ ሆኜ፣ ለመፍጠን ብዬ፣ በሽመል ቸብ አደረግሁት። ደንግጦ ረገጠ፣ ድንጋዩ ከዳው፣ ከዓይኔ ጠፋ። ቅርንጫፍ ሲሰባበር ብቻ ሰማሁ።

አማቴ እያነከሱ ደረሱ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሌላ በሬ የለም። ያላቸው የሚያርሱበት አንድ ጥማድ ነው፤ ያንን ለሠርግ ቢጥሉ ክረምቱን ምን ይዘው ሊያርሱ ነው? ከሥር ያለው ደን ደግሞ የመንግሥት ነው፤ እንኳን ከብት ሰውም እንዳይገባበት ተከልክሏል። ቆመን ቁልቁል ስናይ ከገደሉ ሥር የሰው ድምፅ መጣ።

«በሬው ነፍሱ አልወጣችም። ክርስቲያን ይውረድ፣ ቢላ ይዞ።»

አማቴ ከወገባቸው ቢላቸውን መዝዘው ሰጡኝ። የእሳቸው ጉልበት ያን ቁልቁለት አይወርድም፤ ሌላ ወንድ ደግሞ ከመንደር እስኪጠራ ጊዜ ይሄዳል። «ቶሎ በል፣ ከሞተ በክት ነው» አሉኝ። እኔ ዶሮ እንኳ አርጄ አላውቅም ነበር።

ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በቂጤ ወረድኩ። የጠራን ከአልዩ አምባ በርበሬና ጨው ጭነው የሚወጡ ሽማግሌ እስላም ነጋዴ ናቸው። ሁለቱን አህዮቻቸውን ከዛፍ አስረው፣ የበሬውን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በቅል ያለውን ውኃ በጥቂት በጥቂቱ አፉ ላይ ያንጠባጥባሉ። የፊት እግሩ ተሰብሯል። ወገባቸው ላይ ከእኔ የተሻለ ጩቤ አለ።

«እኔ ቢስሚላህ ብዬ ብጥለው ለእናንተ አይሆንም» አሉኝ። «ሠርግ እንዳለባችሁ ሰምቻለሁ። በል ና፣ ቀንዱን እኔ እይዝልሃለሁ።»

ያዙልኝ። አንገቱ ላይ የቱ ጋ እንደሆነም ጣታቸውን አድርገው አሳዩኝ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የበሬውን ዓይንና ቢላ የያዘ እጄን ነው።

ብዙም ሳይቆይ አራት ሰዎች መጥረቢያና ጠፍር ይዘው ወረዱ። ከፊት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነበር። ስለ ደኑ ምንም አላለም፤ ጋቢውን አጣጥፎ ድንጋይ ላይ አስቀመጠና ቆዳ መግፈፍ ጀመረ። ያን ሥራ ሳይ ቀናሁ። ቆዳው አንድ ቦታ ሳይበሳ ወጣ፤ ቅጠል ተነጥፎ ሥጋው በየብልቱ ተቀመጠ። ከዚያ ሸክሙ ሲደለደል ማንም «ይህን አልፈልግም» አላለም። ሁለቱ ታፋ ለሁለት ጎረምሶች፣ ሽንጥና ፍሪምባው በቆዳው ተጠቅልሎ ለሊቀመንበሩ፣ አንዱ ወርችና ጨጓራው ለአንድ ጎልማሳ። ለእኔ ጎድኑን በጠፍር አሥረው ጀርባዬ ላይ ጫኑብኝ። ሁለተኛውን ወርች ነጋዴው አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጉት።

«እርስዎ እንኳ ይተዉት፣ አይበሉትም» አላቸው ሊቀመንበሩ።

«የማልበላውን ነው ዕድሜዬን ሙሉ ስሸከም የኖርኩት» አሉና መንገድ ጀመሩ።

ሥጋ ከባድ ነው ማለት አይገልጸውም። እንደ ጆንያ እህል አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ወደ ቀኝ ስትል ወደ ግራ ይሄዳል። ገና ስላልቀዘቀዘ ጀርባዬን ያሞቀኛል፣ ፊቴን ደግሞ የአንኮበር ብርድ ይቆርጠዋል። መንገዱ እግር የሚያስቀምጥ ብቻ ነው፤ በአንድ እጄ የዛፍ ሥር እይዛለሁ፣ በሌላው ጠፍሩን። ሦስት እርምጃ ሄጄ እቆማለሁ። ከኋላዬ ያሉት ነጋዴ «ቁም እንጂ አትቀመጥ፣ ከተቀመጥክ አትነሣም» ይሉኛል። ጎረምሶቹ ታፋቸውን መንገድ ላይ አሳርፈው ራሱንና አንጀቱን ለማምጣት ዳግመኛ ወርደው፣ ያንንም ደርበው ተሸክመው ደርሰውብኛል። ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ እውነቴን ነው። ጥፋቴን በገዛ ጀርባዬ ተሸክሜ ዳገቱን እያወጣሁት ነበርና።

አፋፉ ላይ ስንደርስ አማቴ ቅጠል አስጎዝጉዘው ይጠብቁናል። ዳሱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሳይቀሩ ወጥተዋል።

«ማን ባረከው?» አሉ።

«እኔ አረድኩት» አልኩ፣ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ።

ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ አረድከው ወይስ ባረክከው?»

ያን ጊዜ ነው ቃሏ የገባችኝ። ያረደ ሰው ቢላ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ የባረከ ሰው በስመ አብ ብሏል። አላልኩ እንደሆነ ይህ ሁሉ ሥጋ ለውሻ ነው፤ ነገ የሚመጣው ሰው ጦሙን ይመለሳል፣ ሙሽራዪቱም ዕድሜዋን ሙሉ ሠርጓ በእህቷ ባል የፈረሰባት ትባላለች። ብያለሁ? ለማስታወስ ሞከርኩ። የበሬው ዓይን መጣ፣ እጄ መጣ፣ ቃል አልመጣም። ሊቀመንበሩ የተፈታ ጠፍር ያለበት ይመስል ሸክሙን ጎንበስ ብሎ ይነካካል። ወንዶቹ ሸክማቸውን አላወረዱም፤ ቅጠሉ ላይ ይውረድ አይውረድ የሚወስነው የእኔ አፍ ነበር። መዋሸት እችል ነበር፤ የአማቴን ዓይን እያየሁ ግን አልሆነልኝም።

«ብሏል» አሉ ነጋዴው ከኋላዬ።

አማቴ አሻግረው አዩዋቸው። እስላሙ ሽማግሌ እስከ ክርናቸው በደም ተነክረው፣ ወርቹን እንደተሸከሙ ቆመዋል።  አማቴ ሄደው ወርቹን በገዛ እጃቸው ከሽማግሌው ትከሻ ተቀበሉና ቅጠሉ ላይ አኖሩት። ከዚያ ሁሉም አወረደ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ቢላ ወጣ፣ መክተፊያ መጣ፤ በማግሥቱ የተጠራው ሰው በልቶ፣ ቤት ለቀረውም ይዞለት ተመለሰ።

ነጋዴውን ያንኑ ቅዳሜ፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ እስከ አህዮቻቸው ሸኘኋቸው። ዳቦና ማር ተቋጥሮላቸው እኔ ይዣለሁ። ጭነቱን አብረን ስናጠባብቅ አላስችል አለኝ።

«ለመሆኑ ስል ሰምተውኛል?»

«ድምፅህን? አልሰማሁም» አሉ። «ከንፈርህን ነው ያየሁት። ሦስት ጊዜ ተንቀሳቀሰ። እናንተ ሦስት አይደል የምትጠሩት?»

መልሴን ሳይጠብቁ አህዮቻቸውን ነዱ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ከንፈሬ ሦስቴ የተንቀሳቀሰው በጸሎት ይሁን በብርድ አላውቅም፤ ዛሬም አላውቅም። ዳገቱን መለስ ብዬ ጀመርኩ። እኩሌታው ላይ ስደርስ፣ በመንግሥት ደን መካከል፣ ቆምኩና ዙሪያዬን አየሁ። ማንም የለም። ከዚያ እያለከለክሁ፣ ገደሉ መልሶ እስኪያሰማኝ ድረስ ጮክ ብዬ፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አልኩ።