ወንበሩን እምቢ ያሉ ሽማግሌዎች

የመጀመሪያ ቀን ሥራ ስገባ ርዕሰ መምህርቷ በደስታ ተቀበለችኝ፤ ወዲያው ግን አለቃሽ እኔ አይደለሁም አለችኝ። ሥራዬ በዕብራይስጥ «መጋሼሬት» ይባላል፤ እንደ እኔ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በመጡ ወላጆችና በትምህርት ቤቱ መካከል ሆኖ የአንዱን ነገር ለሌላው ማስረዳት ነው። ከደመወዜ ከፊሉን ማዘጋጃ ቤቱ፣ ከፊሉን የትምህርት ሚኒስቴሩ ስለሚከፍል፣ ጠረጴዛ የሚሰጠኝ የትኛው እንደሆነ አልታወቀም ነበር። እስኪወሰን ድረስ ከፎቶ ኮፒው ማሽን አጠገብ አስቀመጡኝ። ጡረታ እስክወጣም አልተወሰነም።

እዚያ መቀመጤ ግን በጀኝ። ወደ ማሽኑ የማይመጣ አስተማሪ ስለሌለ፣ የትኛው ልጅ እንደደከመ ስብሰባ ሳይጠራ እሰማለሁ። ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ይዤ የእኛ ሰዎች ወደሚኖሩበት ሰፈር ወደ አቲቆት፣ ወላጆች ቤት እሄዳለሁ።

አንድ ዓመት፣ ትምህርቱ ገና ሳይጋመስ፣ ንባብ ለሚከብዳቸው ልጆች የተመደበው የረዳት መምህርት ሰዓት ተቆረጠ። ሚኒስቴሩ ማዘጋጃ ቤቱ ድርሻውን ካልከፈለ አልከፍልም አለ። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ሚኒስቴሩ ይቅደም አለ። ረዳት መምህርቷ ዕቃዋን ሰብስባ ሄደች።

ከልጆቹ አንዷ ያኤል የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በሂሳብ የሚደርስባት የለም፤ ንባብ ግን ገና ይይዛት ነበር። ርዕሰ መምህርቷ እኔ በሌለሁበት እናቷን አለምነሽን ጠርታ፣ ልጅቷ በሌላ ትምህርት ቤት ወዳለው ልዩ ክፍል ብትዛወር እንደሚሻል ነገረቻት። ያ ክፍል የራሱ በጀት አለው። ልጅቷ ወደ በጀቱ ትሂድ ተባለ እንጂ በጀቱ ወደ ልጅቷ ይምጣ ያለ ሰው አልነበረም።

አለምነሽ አንገቷን ደፍታ አዳምጣ ወጥታለች። ርዕሰ መምህርቷም «እናትየዋ ተስማምታለች» አለችኝ። የእኛ ሰው አንገቱን ስለደፋ እሺ አለ ማለት እንዳልሆነ ስለማውቅ አለምነሽ ቤት ሄድኩ።

«እትዬ፣ በመምህር ፊት እንዴት እምቢ እላለሁ? ነውር አይደለም ወይ? መልሴን በሽማግሌ እልካለሁ» አለችኝ።

ያኤል ከውስጥ ክፍል ሆና «ኢማ፣ አኒ ሎ ሆሌኼት» ስትል ሰማኋት፤ እማዬ፣ እኔ አልሄድም ማለቷ ነው።

ሽማግሌ መላኩ ጥሩ ነው፣ ሰዓቱን የቆረጠችው ግን ርዕሰ መምህርቷ አይደለችም አልኳት። ለሽማግሌዎቹ ከማዘጋጃ ቤቱ የትምህርት ኃላፊ ጋር ቀጠሮ ያዝኩ።

የሰፈራችን አስታራቂ አባባ ታከለ ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው ቢሮው መጡ። ኃላፊው ትሁት ሰው ነው፤ ወንበር አቀረበ፣ ውኃ አስመጣ። ማንም አልተቀመጠም። ጉዳዩ የሚኒስቴሩ መሆኑን ሲያስረዳ ቆመው ሰሙት።

«የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም፤ ንገሪው ልጄ» አሉኝ አባባ ታከለ።

ነገርኩት። ሰላማዊ ሰልፍ መሰለውና ዘበኛ ሊጠራ ስልኩን አነሳ። በእኛ ወግ ለልጅ ሚስት ሊጠይቁ የሚሄዱ ሽማግሌዎች እንዲህ እንደሚቆሙ፣ እሺ ሳይባሉ ወንበር እንደማይነኩ አስረዳሁት። ስልኩን አስቀመጠና ሳቀ።

«ታዲያ ማንን ከማን ልታጋቡ ነው?»

«እናንተን ከሚኒስቴሩ» አልኩት።

አባባ ታከለ ምን እንዳልኩ ጠየቁኝ። ስነግራቸው አልሳቁም፤ ትክክል ነው አሉ። ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ልደግፋቸው ብጠጋ በክንዳቸው መለሱኝ። ኃላፊው ይህን ሲያይ ሳቁ ጠፋ።

ለሚኒስቴሩ ተቆጣጣሪ ደወለና ድምጹን ለሁላችን ከፈተው። ሲከራከሩ እኔ እየተከታተልኩ ለሽማግሌዎቹ በአማርኛ ነገርኳቸው። ተቆጣጣሪዋ በሚቀጥለው ሳምንት እንነጋገር አለችው።

«አይሆንም» አላት፤ «እዚህ ሰዎች ቆመውብኛል።»

ብዙ ተጨቃጭቀው ሁለቱም ድርሻቸውን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሊከፍሉ ተስማሙ። ኃላፊው እዚያው ለረዳት መምህርቷ ደውሎ ተመለሺ አላት። ያን ጊዜ አባባ ታከለ ቀስ ብለው ተቀመጡ፣ ውኃውን ጠጡ፣ መረቁት።

ያኤልም ሳትዛወር እዚያው ትምህርት ቤታችን ቀረች። በፋሲካ ሰሞን ከማሽኑ አጠገብ ቆማ አንድ ሙሉ ገጽ ሳትደናቀፍ አነበበችልኝ።

ዓመቱ ሲያልቅ ሰዓቱ እንደገና ተቆረጠ። ለአባባ ታከለ ስደውልላቸው፣ የት እንገናኝ ብቻ አሉኝ። ኃላፊው በሩ ላይ ሲያየን ወንበር አላቀረበም፤ በቀጥታ ስልኩን አነሳ።

በዚህ ሥራ የተማርኩት ይህን ነው፦ ሁለት ቢሮዎች አንዱ በሌላው ሲያመካኝ፣ አንዱን ለብቻው መለመን ጥቅም የለውም። እርስ በርሳቸው እስኪነጋገሩ ድረስ አትቀመጡ።