ታደሰ ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ

በዚያ ሰፈር ታደሰ የሚባል ሰው አይኖርም፤ እሱን የማይፈራ ተከራይ ግን አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው። አከራዮቹ ኪራዩን በአንድ ጊዜ እጥፍ ለማድረግ ሲያምራቸው «ጨምሩ» ማለት ያሳፍራቸዋል። ስለዚህ «ቤቱ ሊታደስ ነውና ልቀቁ» ይላሉ። ተከራዩ ዕቃውን ተሸክሞ ይወጣል፣ ግድግዳው አንድ እጅ ቀለም ይቀባል፣ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሰው በእጥፍ ዋጋ ይገባል። ከዚያ ወዲህ የጭነት መኪና በር ላይ ቆሞ የታየ እንደሆነ ሰዉ «ደግሞ እነማንን ነው ታደሰ የጎበኛቸው?» ይባባላል። ይስቃሉም። ሳቁ ግን ከጥርስ አያልፍም።

ልብስ ሰፊዋም ከሳቂዎቹ አንዷ ነበረች። ከባሏና ከትንሽ ልጇ ጋር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይታለች። በውስጠኛው ይተኛሉ፤ ወደ መንገድ የሚያየው ክፍል ቀን ስፌት ቤት፣ ማታ ሳሎን ነው። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ከመስኮቱ ማዶ ትምህርት ቤት አለ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ የተቀደደበት፣ ቀሚሷ ያጠረባት ሁሉ ከመንገድ ላይ አንጋጦ «እትዬ ሰፊዋ!» ሲል ይጣራል። እሷም በገመድ ያሰረችውን ዘንቢል ታወርዳለች። ቀዳዳው ወደ ላይ ይወጣል፣ ጥጋኑ ወደ ታች ይወርዳል። ቤቱን መልቀቅ ማለት ለእሷ ያንን መስኮት መልቀቅ ነበር፤ መስኮቱን ከለቀቀች ደግሞ ደንበኛ የት አለና?

አከራይዋ ምድር ቤት የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን «ግፊ! ተንፍሺ!» ሲሉ ስለኖሩ ነው መሰል ንግግር አያስረዝሙም፤ ያችኑም የሚናገሯት እየሄዱ ነው። ውሉ የሚያልቅበት ወር ሲገባ ልብስ ሰፊዋ ቀን ከሌት ትብሰለሰል ጀመር። አንድ ጠዋት የታጠበ ልብስ ታቅፋ ስትወርድ በሩ ላይ አገኘቻቸው። ወደ ሕክምና ቀጠሮ እየተጣደፉ ነበር።

«እትዬ፣ ስለ ቤቱ ነገር ልጠይቅዎት ፈልጌ...»

«ይታደሳል የኔ ልጅ፣ ይታደሳል። በወሩ መጨረሻ» አሉና በሩ ከኋላቸው ጓ! ብሎ ተዘጋ።

ልብስ ሰፊዋ እርጥብ ልብሷን እንደታቀፈች ቀረች። ውሃው በደረቷ ሲወርድ እንኳ አልታወቃትም።

«ምኑ ነው የሚታደሰው?» ብላ ብትጠይቅ ምን ነበረበት? ግን ክፉ ወሬ ተከትለው አይሮጡም። በዚያ ላይ በሰፈሩ «ተከራይ ጥያቄ ሲያበዛ አከራይ ዋጋ ያበዛል» ይባላል። ስለዚህ አከራይዋን ትታ ቀጥታ የሄደችው ጎረቤቷ ፀጉር ሠሪዋ ጋ ነው። ፀጉር ሠሪዋም የደንበኛዋን ፀጉር በግማሽ ጠቅልላ «ውይ በሞትኩት! ታደሰ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰ በይኛ!» አለችና የደላላ ስልክ ቁጥር ሰጠቻት።

ባሏ የውሃ ማከፋፈያ መኪና ሾፌር ነው፤ ነገር ሲመጣ ፍሬን መያዝ ያውቅበታል።

«ሴትዮዋ በአፋቸው ‹ልቀቁ› ብለውሻል?» አላት።

«ይታደሳል አሉኝ እያልኩህ! ከዚህ በላይ ከበሮ ይምቱልኝ?»

«መጠየቅ ሊቅ ያደርጋል ሲባል አልሰማሽም? ብትጠይቂያቸውስ?»

«ጠይቄ ቀኑን ላቅርበው?»

ያን ዕለት የሰፋችው ሱሪ ሁለቱም እግሩ የቀኝ ሆኖ ተገኘና ፈትታ እንደገና ጀመረችው።

ደላላውን ሰዉ «ነፋሱ» ይለዋል፤ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። መጀመሪያ ያሳያት ቤት ውስጥ ቧንቧ ፈልጋ አጣች።

«ውሃ የለውም እንዴ?»

«ኧረ አለው እናቴ! ብቻ ማዶ ነው።»

የሁለተኛው ቤት መስኮት ሲከፈት ከሌላ ፎቅ ግድግዳ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ያጋጥማል። እዚህ እንኳን በመርፌ ክር ሊሰካበት፣ በሩም ተዳብሶ ነው የሚገኘው።

«ጨለማ ነው እኮ።»

«አምፖል የተሠራው ለምን ይመስልሻል እህቴ?»

ሦስተኛው ደህና ነበር። ግን የአውቶቡሱ መስመር የሚያልቅበት ቦታ ነው፤ ኪራዩ አሁን ከምትከፍለው ይበልጣል፤ በዚያ ላይ ልጅ ያለው ሰው አይገባም።

«ልጅቷን ዝም ካሰኘሻት ችግር የለውም» አላት ነፋሱ።

«ሦስት ዓመቷ ነው!»

«እንግዲህ ታድጋለቻ።»

ሲመለሱ በአውቶቡሱ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጦ ረጋ ባለ ድምፅ ይጠይቃት ጀመር። የምትለቂው ቤት የት ነው? ስንት ነበር የምትከፍዪው? ለመንገድ ቅርብ ነው? እሷ ሐሳቧ ያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ቀርቶ ነበርና የጠየቃትን ሁሉ ነገረችው፤ መስኮቱንም፣ ትምህርት ቤቱንም፣ የወሩን መጨረሻም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል ይሄ ነው።

በማግሥቱ ከሰዓት በሯ ተንኳኳ። አከራይዋ ናቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው አያውቁም። የበሩን ጉበን ይዘው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ አየች። ወንበር ሰጠቻቸው።

«ልትለቂ ነው አሉ» አሏት።

«እኔ?»

«ደላላ ሰው ይዞ መጣ። ‹ተከራይዋ ራሷ ናት የነገረችኝ› አለ። አምስት ዓመት አብረን ኖረን ይሄን ከደላላ አፍ ልስማው?»

«እትዬ፣ እርስዎ አይደሉ ቤቱ ይታደሳል ያሉኝ?»

«የምን ቤት? ውሉ ነዋ! ውሉ ይታደሳል ነው ያልኩሽ!»

ልብስ ሰፊዋ የተቆለለው የዩኒፎርም ጨርቅ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ሳቅም እንባም እኩል መጡባት። አፏን በመዳፏ ይዛ ቀና ስትል ግን አሮጊቷ ፊታቸው አልተፈታም።

«አሁንማ ነገሩ ተበላሸ» አሉ። «ሰውዬው ፎቶ ኮፒ ቤት ሊከፍትበት ነው። እጥፍ እከፍላለሁ ይላል። ባልሰማው ኖሮ በበፊቱ ዋጋ እንፈራረም ነበር። ጡረታዬ መድኃኒቴን አይችለውም፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ከሰማሁ በኋላ እንዴት ብዬ ልርሳው?»

የታደሰን ወሬ ሸሽታ ታደሰን በገዛ እጇ፣ በደላላ አስመርታ እቤቷ አምጥታዋለች። «ይቅርታ» ማለት ኪራይ አይሆንም። ማልቀስም አይሆንም፤ ሴትዮዋ ስንት ጩኸት የሰሙ አዋላጅ ናቸው። ቶሎ ማሰብ ነበረባት።

«እጥፉን አልችልም እትዬ። እችላለሁ ብዬ ብዋሽዎት አንድ ወር ከፍዬ በሁለተኛው እደበቅዎታለሁ።»

«እና?»

«አሁን የምከፍለውን ግማሽ ልጨምርበት። ግን የሁለት ዓመት ውል ይጻፍልኝ።»

«ሰውዬው እጥፍ እያለኝ?»

«ሰውዬው ፎቶ ኮፒ ሲከፍት ተማሪው ሁሉ ሲወጣ ሲወርድ ነው የሚውለው። ደረጃው ደግሞ ያለው ከአልጋዎ ራስጌ ነው። የኔን ደንበኛ እግር ሰምተው ያውቃሉ? በዘንቢል ነው የምቀበለው።»

አሮጊቷ ገመዱን አዩት። ከሰዓት በኋላ አረፍ ካላሉ የጉልበታቸው ሕመም እንደማይለቃቸው ልብስ ሰፊዋ ታውቃለች።

«የምትጨምሪውን ከየት ታመጪዋለሽ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ከመስኮቱ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ፀሐይና ዝናብ የሚፈራረቅባት ቦርሳ ጠጋኝ አለች። ቀን ቀን እዚህ አስቀምጣታለሁ፤ የኪራዩን ድርሻዋን ታዋጣለች።»

«ቤቴን ገበያ ልታደርጊው!»

«ገበያስ እሱም ሊያደርገው ነው። የኔ ሲመሽ ይዘጋል።»

አሮጊቷ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ፈገግታ ብልጭ አለና ጠፋ። በዚህ መሀል ከኪሳቸው ስልካቸው ጮኸ። ደላላው እንደሆነ ሁለቱም አውቀውታል። እያዩት ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ አነሱት። «ተይዟል» አሉና ዘጉት። ወደ እሷም ዞረው «ቦርሳ ጠጋኟ ካልገባች፣ የምትጨምሪው ካልመጣ፣ ሰውዬውን እጠራዋለሁ። አልዋሽሽም» አሏት።

«እሺ እትዬ።»

ደግፋ አወረደቻቸው። እቤታቸው ካስገባቻቸው በኋላ ግን ወደ ላይ አልተመለሰችም፤ መንገዱን ተሻገረች። ለካ በሌላ ሰው ኪስ ነው ቃል የገባችው! ቦርሳ ጠጋኟ እሺ ትበል እንቢ ትበል ምን ታውቃለች? ከሰላምታ በቀር አውርተው አያውቁም።

ቦርሳ ጠጋኟ ካርቶን ላይ ተቀምጣ የቦርሳ ዚፕ ስትፈታ አገኘቻት። ልብስ ሰፊዋ ቁጢጥ አለችና ነገሩን ሁሉ አንድ በአንድ፣ ምንም ሳታስቀር ነገረቻት። መስኮቱን ጠቆመቻት። ሴትዮዋ አንጋጣ አየችና «ጥላ አለው» አለች። ቀጥላም፣ «ስንት ነው ኪራዩ?»

መንገድ ስትሻገር ያሰላችው ቁጥር ነበራት፤ ለአሮጊቷ የምትጨምረውን እንዳለ የሚሸፍን። አፏ ላይ ሲደርስ ግን ሴትዮዋ ጣቶቿን ዚፑ ላይ አድርጋ ስትጠብቃት አየቻት። ያ አጠባበቅ አልጠፋትም፤ ወሩን ሙሉ እሷም እንደዚያው ነበር የጠበቀችው። ካሰበችው ዝቅ ያለ ቁጥር ተናገረች። የቀረውን ከሁለት ሦስት ተጨማሪ ሱሪ አታጣውም፤ ካጣችም ባሏ ቅዳሜን ይሠራል። ለእሱ ገና አልነገረችውም።

ቦርሳ ጠጋኟ በጣቶቿ ቆጠረች። ከዚያ ደግማ ቆጠረች።

«እስቲ ቦታውን ልየው» አለችና ካርቶኑን አጠፈች።

ልብስ ሰፊዋ የጠጋኟን የዕቃ ከረጢት አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገች። ከባድ ነበር። ሁለቱ ሴቶች መኪና እስኪያልፍ መንገዱ ዳር ቆሙ።