የትእዛዝ አረብኛ

በአረብኛ ጀማሪዎች ክፍል ውስጥ በሩ አጠገብ የምትቀመጥ ሃምሳን የዘለለች ሴትዮ አለች። የሹራቧን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰብስባ ስለምትቀመጥ፣ ልብስ ልታጥብ እንጂ ፊደል ልትቆጥር የመጣች አትመስልም። እኛ ጉሮሮ ላይ የሚሰነቀርብንን ድምፅ እሷ እንደ ውሃ ታወርደዋለች።

ትናንት መምህሩ በሩን ሳይዘጋ ገባ።

«ዝጊው! ቶሎ በይ!» አለችው፣ ጥርት ባለ አረብኛ።

መምህሩ ደንግጦ ዘጋውና፣ «እትዬ፣ እኔኮ ወንድ ነኝ፤ ‹ዝጋ› ነው የሚባለው» አላት።

«ውይ፣ አፈር ልብላ! አሥራ አንድ ዓመት ሰው ቤት ስሠራ ሲሉኝ የኖሩት እንዲያ ነው።»

ክፍሉ አውካካ። እሷም አብራን ሳቀች።

«ይሄን ያህል እየቻሉ ታዲያ ምን ሊማሩ መጡ?» አላት መምህሩ።

«ትእዛዙንማ ጠግቤዋለሁ። ‹አልፈልግም› እንዴት ነው የሚባለው?»

መምህሩ ነገራት። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሦስት ጊዜ ለራሷ ደገመችው።

«ጎበዝ! በሉ እንግዲህ ይነሱና ሰሌዳው ላይ ይጻፉት» አላት፣ ጠመኔውን እየዘረጋላት።

ተደላድላ ተቀመጠች፤ እጇን አጣምራ፣ ፊቷ እንደ ሙሽራ በርቶ፣ በአረብኛ «አልፈልግም!» አለችው።