ጣቴን ቀና አድርገው ያዙልኝ

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ። ሰው ፊት ቆሜ መናገር አይሆንልኝም፤ ግን ስለዚህች የቀኝ እጄ ሌባ ጣት ሳልመሰክር ብቀመጥ ደስ አይለኝም።

ካዛንቺስ ሞባይል እጠግናለሁ። ያስተማረኝ የለም፤ የተበላሹ ስልኮችን እየፈታሁ ነው የለመድኩት። ያኔ ጌታን አላውቅም፤ የምተማመነው በእጄ ነበር። አንድ ቀን የሱቁን የብረት በር ስዘጋ የጣቴ ጫፍ ተጋጨ። ደም የለም፣ ሕመሙም ያን ያህል አይደለም። ግን ከጥፍሬ ሥር ያለው መገጣጠሚያ ወደ ታች ታጠፈና ቀና ላደርገው ብል እምቢ አለ።

ሰው ሁሉ ውልቃት ነው አለኝ። ቄራ ወጌሻ ዘንድ ሄጄ አሳሸሁት፤ ይባስ አበጠ። በኋላ ሐኪም ራጁን አይቶ አጥንቱ ደህና መሆኑን፣ ጣቱን ቀና የሚያደርገው ጅማት ግን ከጫፉ መላቀቁን ነገረኝ። በፕላስቲክ መደገፊያ ቀጥ አድርጎ አሰረውና፣ "ለሁለት ወር ያህል አንዴም እንዳይታጠፍ። ስታጥበው እንኳ ሰው ቀና አድርጎ ይያዝልህ። ከታጠፈ እንደገና ከዜሮ ነው" አለኝ።

መደገፊያው ሊወጣ ሲቃረብ ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ወደዚህ ጉባኤ አመጡኝ። ሰው እጁን አንስቶ ሲጸልይ እኔም ተነሳሁ። ፍታው ያለኝ የለም። ጣቴ እንደታሰረ ፈውስ ብለምን አለማመን መሰለኝና ራሴ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። ጣቴ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ አጠገቤ ያሉት አጨበጨቡ። ቤቴ ደርሼ ቁልፍ ሳዞር ጫፉ ተመልሶ ወደቀ።

ሐኪሙ አልተቆጣም፤ እንግዲህ ከመጀመሪያው ነው ብሎ አሰረው። ወገኖች፣ ደከመኝ። በግራ እጅ ብሎን አይፈታም፤ ሱቁ ተዘጋ። እትዬ ብርቄን ጌታችሁ አታለለኝ አልኳቸው።

"አንተ ችኩል፣ ጌታ ፍታው ብሎሃል? በል እጅህን አምጣ" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት፣ ደምበል አካባቢ ለጽዳት ሥራ ከመሄዳቸው በፊት ይመጣሉ። መደገፊያውን አውልቀው ጣቴን ጠረጴዛው ላይ ቀጥ አድርገው ይይዛሉ፤ እኔ በግራ እጄ አጥበዋለሁ። ምን ብለው እንደሚጸልዩልኝ ብጠይቃቸው፣ "ለዚህ ልጅ ትዕግሥት፣ ለእኔ ወገብ ስጠን ነው የምለው" አሉ።

አንድ ጠዋት ቆዳው እስኪደርቅ ስንጠብቅ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ራሳቸው ወደ ግድግዳው ዘንበል አለ፤ እጃቸው ግን ጣቴን አልለቀቀም። አላነቃኋቸውም። እኚህ ሴት እንዲህ ደክመው ካልለቀቁኝ፣ የላካቸውማ እንዴት ይለቀኛል አልኩ። እዚያው በተቀመጥኩበት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ጌታ ሆይ ያንተ ልሁን አልኩት። ሃሌ ሉያ።

አሁን መደገፊያው ወጥቷል። ጫፉ ትንሽ ዘንበል ይላል፤ እንዲህ ሆኖ ሊቀር እንደሚችል ሐኪሙ ነግሮኛል። ብሎን ግን ይይዛል፣ ሱቄም ተከፍቷል፤ ስሙ ይባረክ። ጸልያችሁ የዘገየባችሁ፣ እንደ እኔ የደከማችሁ ካላችሁ፣ ጌታን እመኑት፤ ሐኪም ያሰረላችሁንም አትፍቱ። የሚይዝለት ሰው ያጣ ካለ ደግሞ ይንገረኝ። ሱቅ ከመክፈቴ በፊት መጥቼ እይዝለታለሁ።