ከጎሉ ጀርባ ሁለት ትኬት

ሮማንወርቅ ኳስ አትወድም ነበር። ለንደን ኪልበርን ሰፈር አንድ ክፍል ለሁለት ተከራይተን ስንኖር ቴሌቪዥኑ ላይ ኳስ ብቅ ካለ "ኧረ ይህን ግርግር አጥፊልኝ ጸዳለ" የምትለኝ ሴት ናት። ጠዋት ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች፣ እሑድ ከእንግሊዞች በምንከራያት ቤተ ክርስቲያን ታስቀድሳለች፣ በቃ። እኔ ፖለቲካ ለፖለቲካ ስሮጥ፣ በየሰልፉ ደርግን ሳወግዝ፣ እሷ ሾርባ ሠርታ ትጠብቀኛለች።

ለንደን የመጣችው በስልሳ ስድስት፣ አብዮቱ ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው፣ ለአንድ ትልቅ ሹም ልጆች ሞግዚት ሆና ነው። ባሏ ፀጋይ በሕመም ሞቶባት ነበር። "ለአንድ ዓመት ብቻ ነው" ስላሏት የሰባት ዓመት ልጇን ብርሃኑን ጉለሌ እናቷ ዘንድ ትታው ወጣች። አውሮፕላን ጣቢያ ልጁ ቀሚሷን ይዞ "እማዬ! እማዬ!" እያለ ሲጮህ አንድ ፖሊስ ጣቶቹን እያስለቀቀ ነው የለያቸው። ደርግ መጣ፤ ሹሙ አልመለስም አሉ፤ እሷም ከከዳተኛ ጋር የቀረች ተባለች። አንድ ዓመት የተባለው አሥራ አንድ ዓመት ሆነ።

እናቷ እትዬ አስካለማርያም እያጻፉ ደብዳቤ ይልኩላት ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ድምፃቸው ጠፋ። "እማዬ ሞታለች፤ አንቺም ሰምተሽ ደብቀሽኝ ይሆናል" እያለች ስንት ጊዜ አፋጠጠችኝ።

በዚያ ክፉ ድርቅ ማግስት ብሔራዊ ቡድናችን ለንደን መጥቶ ከአንድ ትንሽ ክለብ ጋር ሊጫወት ነው ተባለ። ገቢው ለተራቡት ነው። እኛ ስደተኞቹ ግን ተሰብስበን "የደርግ ቲያትር ነው፤ ትኬት የገዛ ደርግ ነው" ብለን ማልን። ሲጮሁ ከነበሩት አንዷ እኔ ነኝ። ማስታወቂያውን ከቤተ ክርስቲያን በር ገንጥዬ ኪሴ ከትቼው ሰነበትኩ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም እንዲሉ፣ የቡድኑን ፎቶ ስንቴ አይቼው ምንም አልታየኝም። ሮማንወርቅ ኮቴን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ አገኘችው። ወረቀቱን ይዛ አልጋው ላይ ቁጭ አለች።

"ይቺ የፀጋይ ግንባር ናት" አለች።

ከኋላ ረድፍ ጫፍ ላይ ጓንት ያደረገ ረጅም ልጅ ቆሟል። ከሥሩ "ብርሃኑ ፀጋይ፣ ተጠባባቂ በረኛ" ይላል።

"ትኬት እንቁረጥ" አለችኝ።

"ሮማንወርቅ፣ ምለናል እኮ! ትኬት የገዛ ደርግ ነው ብለን..."

"እንግዲያው ደርግ በይኝ።"

ተከተልኳት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ለአበሻ የተከለለው ቦታ ከጎሉ ጀርባ ነው፤ ትኬቱን የሚሸጠውም ዋይት ሲቲ የሚባል ሰፈር አንድ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ዘውዴ የሚባል ልጅ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ለትምህርት ከአገር የተላከ፣ ወሬው የማያልቅበት ልጅ ነው። በመንገድ ላይ ሮማንወርቅ ዓይኗ በርቶ አንዴም ዝም አላለች። "ሺፍቴን ቼንጅ አድርጌያለሁ። ከፊት እንቀመጣለን። ሲገባ በስሙ እጠራዋለሁ። መቼም ድምፄን አይረሳም!"

ዘውዴ ጠረጴዛው ላይ ትኬቶቹን ደርድሮ በፈገግታ ተቀበለን። "ከፊት፣ ጎሉ ጋ፣ ሁለት" አልኩት ፊቴን አኮሳትሬ። ሮማንወርቅ አላስቻላትም።

"ያ ረጅሙ በረኛ የማን ልጅ ነው?"

"ብርሃኑን ነው? የሰፈሬ ልጅ ነው! ጉለሌ አብረን ነው ያደግነው። ምስኪን፣ ድሃ አደግ ነው።"

"አያቱ አሉ አይደል?" አመለጣት።

"አሉ፣ እንዴት ያሉ ሴት መሰሉዎት! እናቱ ግን እዚሁ ፈረንጅ አገር ሞተችበት። ሁለት ዓመት ሆናት። አያቱ ናቸው መርዶውን ያረዱት። የዕድሩ ድንኳን ተተከለ፣ አገር ወጣ። ልጁ ራሱን ተላጭቶ፣ ከል ለብሶ፣ ሦስት ቀን እህል በአፉ አልዞረም። መሬት ላይ ሲፈጠፈጥ ደግፌ የያዝኩት እኔ ነኝ።"

ሮማንወርቅን ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ። እጇ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጧል።

"ተዝካሯንም በልቻለሁ" አለ ዘውዴ፣ ትኬቱን እየቆረጠ። "የእትዬ አስካለማርያም ጠላማ አይረሳም።"

"ራሳቸው ናቸው የጠመቁት?" አለች ሮማንወርቅ።

"ታዲያስ! እያለቀሱ።"

"ነፍስ ይማር።"

"ነፍስ ይማር። ግን ይህን ብል ኃጢአት አይሁንብኝና፣ ለልጁ በጀው። እናቱ ከከዱት ጋር የቀረች ናት ይባል ነበር። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ተጫዋች አይሳፈርም። አሁን ማን አለውና ይቀራል? ያም ሆኖ አያቱን ዋስ አስጠርተው ነው ያመጡት። እሱ ከጠፋ እሳቸው ይታሰራሉ። ማን ልበልዎት፣ እናቴ?"

"ጽጌ" አለች፤ ትኬቷንም ተቀበለችው።

ደጅ እንደወጣን ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። "እማዬ አልሞተችም! ሰማሽ፣ እማዬ አለች!" ትንሽ ቆይታ ሳቋ ቆመ። "እኔ ነኛ የሞትኩት።"

የአሮጊቷ ሥራ ሳይነገረን ገባን። የልጅ ልጃቸው ዓለምን እንዲያይ ልጃቸውን ቀበሩ። ቀበሌው እንዲያምን ለቅሶ ተቀመጡ፤ ለሞተ ሰው ደብዳቤ ስለማይጻፍ መጻፉንም ተዉ። ምን ዓይነት አንጀት ነው? እኔማ ያን ጊዜ ረገምኳቸው።

"ብርሃኑስ? ውሸት መሆኑን ያውቅ ይሆን?" አለችኝ በአውቶቡስ።

"መሬት ላይ የተፈጠፈጠ ልጅ ያውቃል ብለሽ ነው?"

ደግ ቃል አልነበረም፤ እውነቱ ግን እሱ ነው። እናቱን በድንገት ቢያይ "እማዬ!" ብሎ ይጮሃል። ከቡድኑ ጋር የሚመጡት የደርግ አጃቢዎች ይሰማሉ። ዘውዴም እዚያው ነው። የእትዬ አስካለማርያም ውሸት ይጋለጣል፤ ዋስም እሳቸው ናቸው። በዚያ ዘመን የታሰረ አሮጊት መጨረሻ ምን እንደሚሆን እኛ እናውቃለን።

"ቅሪ" አልኳት። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት። "የሞተ ሰው ኳስ አያይም!" አልኳት በመጨረሻ።

"እኔ ልየው እንጂ እሱ አይየኝ" አለች።

ያን ሰሞን እህል አስጠላት። አንሶላ ስታነጥፍ ቆማ እንደምትቀር የሆቴሉ አለቃ ነገራት። ትኬቱን ልቅደደው ትልና አንስታ ትስመዋለች። አንድ ቀን "ስሙን ጮኸሽ ጥሪልኝ፣ ዝም ማለት ልለማመድ" አለችኝ። ክፍላችን መሐል ቆሜ "ብርሃኑ! ብርሃኑ!" ስል አፏን በሁለት እጇ አፍና ትንቀጠቀጣለች። ጎረቤታችን አየርላንዳዊት ግድግዳ ደበደበችብን። እኔም አቅቶኝ አብሬያት አለቀስኩ።

የጨዋታው ዕለት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ አጣፋች፣ የእኔን መነጽር አደረገች። በር ላይ የእኛ ሰዎች መፈክር ይዘው ቆመዋል። "ጸዳለ! አንቺም?" አለኝ የትግል ጓዴ ጋሻው። "ባንዳ!" የሚል ድምፅ ተከተለን። ክንዷን ይዤ ገባሁ።

ካፊያ ይጥላል። ብርሃኑ ከማዶ ተጠባባቂዎች መካከል ተቀምጧል፤ ከኋላቸው ኮት የለበሱ ሁለት አጃቢዎች አሉ። ሮማንወርቅ ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ አንድ ጊዜ እንኳ አላየችም። ነጠላዋን ነክሳ እሱን ብቻ ታያለች። "ይበርደዋል፤ እግሩን እያወዛወዘ ነው። ልጅ ሆኖም ሲበርደው እንዲህ ነው" አለችኝ።

በዕረፍቱ ሰዓት ተጠባባቂዎቹ ሊያሟሙቁ ተነሡ። እሱ እኛ ወዳለንበት ጎል መጣ። አንዱ አጃቢ ሲጋራ ለኩሶ ከጎሉ አጠገብ ቆመ። ከዚያ አንዱ ልጅ የመታት ኳስ በጎሉ አናት አልፋ መጣችና ከሮማንወርቅ እግር ሥር ቆመች።

ብርሃኑ ሊወስዳት እየሮጠ መጣ። እጇን ያዝኩት፤ በረዶ ነው። ጎንበስ ብላ ኳሷን አነሣች፣ ደረቷ ላይ አቀፈቻት፣ መልቀቅ አቃታት። ልጁ ከአጥሩ ማዶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ግንባሩ ላይ ያለውን ላብ እኔም አየሁት። ጎሸም አደረግኋትና ሰጠችው። ጓንቱ ጣቶቿን ነካ።

"አይዞህ፣ ልጄ" አለች።

ቶሎ ብዬ አጃቢውን አየሁ። ግን ማንኛዋም እናት ለማንም ልጅ የምትለው ነው። ልጁ በቀጥታ ዓይኗን አየ፣ ቀስ ብሎ አንገቱን ሰበረ።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እማማ። ይጸልዩልኝ።"

ብሎ ሮጠ። አጃቢው ሲጋራውን አጨሰ፤ ወደ እኛ እንኳ አልዞረም። ዘውዴ ከወዲያ ጫፍ ቆሞ ያጨበጭባል።

ቡድናችን ተሸነፈ፤ ለእኔ ግን የዓለም ዋንጫ የበላን ያህል ነበር። ወደ ኪልበርን ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አፌ አላርፍ አለ። "አየሽው እኮ! እጁን ነካሽ! ማንም አላወቀ፤ እትዬ አስካለማርያምም በሰላም ያድራሉ። እግዜር ይወድሻል!" እሷ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ታያለች። ደክሟታል ብዬ ተውኳት።

ቤት ገብተን ሻይ ጣድኩ። እሷ ነጠላዋን ሳታወርድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መነጽሬን አውልቃ በቀሚሷ ጠርዝ ጠርጋ ሰጠችኝ።

"ጸዳለ።"

"ወዬ።"

"አንቱ አለኝ።"