ኦዲሊያ ያነበበችው ወረቀት

በሳንታ ቢቢያና ስኳር ፋብሪካ መንደር ማንበብ እንደ ኦዲሊያ የሚያምርበት ሰው አልነበረም። በልብስ ስፌት ቤታችን በምሳ ሰዓት ጋዜጣ የምታነብልን እሷ ነበረች። ድምፅዋ ወፈር ያለ፣ የማይቸኩል፣ የአገዳ ምርት ዜናውን እንኳ እንደ ተረት የሚያስደምጥ ነበር። እኔ ከጎኗ ባለው መኪና ስለምሰፋ ታሪኳን ያወቅሁት ከራሷ አፍ ነው። የዚያን ቀኑን ግን ማንም አልነገረኝም፤ እዚያው ነበርኩ።

አያቷ የተወለዱት በባሮች ማደሪያ ውስጥ ነው። ስፔናዊው ጌታ በደወል ያስነሳቸዋል፣ በደወል ያስተኛቸዋል። በኋላ ባርነት ቀረ ተባለ፤ ደወሉ ግን አልቀረም። አሜሪካኖች ፋብሪካውን ሲገዙት ደወሉን በጡሩምባ ለወጡት፣ ሌላው እንዳለ ቀጠለ። የኦዲሊያ አባት ካሳቫ የሚተክልባት ቁራሽ መሬት ነበረችው። አንድ ቀን የኩባንያው ጸሐፊ ወረቀት ይዞ መጣና «ለአጥር ሥራ ነው፣ እዚህ ላይ ፈርምልኝ» አለው። አባቷ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። በሳምንቱ በሬ ጠምደው መጥተው ካሳቫውን ገለበጡት። የፈረመው የሽያጭ ውል ነበር።

«አባቴ ከዚያ ወዲያ ያን ጣቱን ሰው ፊት አያወጣውም፤ መዳፉ ውስጥ ይደብቀዋል» ብላኝ ነበር።

አብዮቱ በመጣ በሦስተኛው ዓመት መሃይምነትን ለማጥፋት የከተማ ወጣቶች ሲዘምቱ፣ አምፓሮ የምትባል የሐቫና ልጅ እነኦዲሊያ ቤት ተመደበች። ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ፋኖስ አንጠልጥላ፣ ያን ሁሉ ጭቃ በነጭ ካልሲ ተራምዳ መጣች። ኦዲሊያ ያኔ ሃያ ስድስት ሞልቷታል።

«አትልፊ የኔ ልጅ» አለቻት። «ይኼ እጅ ለገጀራ እንጂ ለእርሳስ አልተፈጠረም።»

«ገጀራውንስ ቢሆን ከእናትሽ ሆድ ይዘሽው ወጣሽ? ተምረሽው ነው። ነይ ቁጭ በይ።»

አምፓሮ ወባ ሲይዛት ኦዲሊያ መሬት ላይ እየተኛች አስታመመቻት። ዓመቱ ሳያልቅ ኦዲሊያ መጻፍ ቻለች፤ መጀመሪያ የጻፈችው ስም የአባቷን ነው። አምፓሮም ወደ ሐቫና ብትመለስ ልቧ አልተመለሰም፤ ትምህርቷን ጨርሳ መጣች፣ የፋብሪካውን መካኒክ አገባች፣ የመንደራችን አስተማሪ ሆነች። የኦዲሊያን ልጅ ዲግናን ክርስትና ያነሳችው እሷ ናት። «አበልጄ» ይባባሉ ነበር፤ አንዷ ቤት የተቀቀለ ባቄላ ሌላዋ ቤት ሳይደርስ አያድርም።

አምፓሮ ፋኖሷን ይዛ ከመጣች ሃያ ዓመት ሊሞላ አንድ ሲቀረው መንግሥት «መሄድ የሚፈልግ ይሂድ» ብሎ ወደብ ከፈተ። የአምፓሮ ባል ሞቷል። ፍሎሪዳ ያለው ወንድሟ ጀልባ ይዞ መጣና ስሟ የሚሄዱት ዝርዝር ላይ ወጣ። ለኦዲሊያ ይህን የነገራት አምፓሮ ሳትሆን የአብዮት ጥበቃ ኮሚቴው ሊቀመንበር ኤቬሊዮ ነው። ስፌት ቤት ድረስ መጥቶ ወረቀት ዘረጋላት።

«ጓዲት ኦዲሊያ፣ ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ አስተማሪዋ በር ላይ ይሰበሰባል። ይኼን አንቺ ታነቢዋለሽ።»

«ሌላ ሰው ፈልግ።»

«ሌላማ ሞልቷል። ግን አንቺ ብትቀሪ ሰው ምን ይላል? አንድ ነፍስ ናችሁ ይባል የለም?» ዝቅ ብሎ ደግሞ «የዲግና የሕክምና ትምህርት ጉዳይ የሚታየው እኮ በዚህ ወር ነው» አላት።

ኦዲሊያ ወረቀቱን አጥፋ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ቀና ብላ አላየችንም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአምፓሮ በር ላይ ጎረቤቱ በሙሉ ነበር። ከሱቅ በካርቶን የመጣ እንቁላል ታደለ። «ትል! አተላ! ውጪልን!» እየተባለ ይጮሃል። የአምፓሮ መስኮት ተዘግቷል፤ በእንጨቱ ሽንቁር ግን ነጭ ሸሚዟ ይታያል። ኤቬሊዮ እጁን ሲያነሳ ሁሉም ዝም አለና ኦዲሊያ ማንበብ ጀመረች።

ያው ድምፅዋ ነው፤ ያማረው። «ይህች ሴት ከአብዮቱ በልታ፣ ከአብዮቱ ጠጥታ» እያለች ወረደች። የኤቬሊዮ ጽሑፍ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ መሃል ላይ አንድ ቃል ያዛት። «ው... ውለ...» አለችና ቆመች።

ከመስኮቱ ጀርባ አምፓሮ እንደ ክፍል ውስጥ ረጋ ብላ «‹ውለታ ቢስ› ነው የሚለው። ቀጥይ» አለቻት።

አንዱ ከኋላ ሳቀ። ኦዲሊያ እዚያ ላይ ወረቀቱን መጣል ትችል ነበር። ቀጠለች። እስከ መጨረሻው አነበበችው። ሲያበቃ አንድ ሰው እንቁላል አስጨበጣት፤ ወረወረች፤ ሽንቁሩ ላይ ፈረጠ። ከዚያ ሁሉም ወረወረ። እኔም ወረወርኩ።

በሦስተኛው ቀን አምፓሮን የጭነት መኪና ወሰዳት። ዲግና ሕክምና ገባች። ኦዲሊያ ጋዜጣ ማንበቧን ተወች። ስንለምናት «ዓይኔ ደከመ» ትላለች፤ መርፌ ውስጥ ክር ግን ባንድ ጊዜ ታስገባ ነበር።

በአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ አገሩ ሳሙና እንኳ ባጣበት ጊዜ፣ አምፓሮ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዛ ለጉብኝት መጣች። የሰፈሩ ቀልደኛ «ትላችን ቢራቢሮ ሆና ተመለሰች!» አለ። መጀመሪያ ያቀፋት ኤቬሊዮ ነው። «እህቴ! አንቺ እኮ ጭራሽ አታረጂም!» አላትና ያመጣችለትን አስፕሪን ተቀብሎ ሄደ። ኦዲሊያ ብቻ አልመጣችም። አምፓሮ «ውሰጂኝ» ስትለኝ ወሰድኳት። ኦዲሊያ ጓሮ ልብስ ታጥብ ነበር፤ ስታየን ማድ ቤት ገብታ ተደበቀች።

«አበልጄ፣ ውጪ። በዚህ ዕድሜያችን ድብብቆሽ አያምርብንም።»

ወጣች። አልተጨባበጡም። «እጄ ርጥብ ነው» አለች ኦዲሊያ መሬት መሬት እያየች። «ያን ወረቀት...»

«ሰምቼዋለሁ። የሚቆጨኝ አሳምረሽ ማንበብሽ ነው።»

ኦዲሊያ አሁን ቀና ብላ አየቻት። «ለልጄ ብዬ ነው ልልሽ ይኼን ሁሉ ዓመት ሳስብ ኖርኩ። ወረቀቱስ እሺ ለልጄ ነው። እንቁላሉ ግን ለልጄ አልነበረም። ተናድጄብሽ ነው። ሳትነግሪኝ ልትሄጂ!»

«ፈርቼሽ ነዋ።»

«እኔን?»

«ትናገሪብኛለሽ ብዬ።»

«እናገርብሽ ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አንቺ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አለች ኦዲሊያ፤ አፏን በርጥብ እጇ ሸፍና አለቀሰች። አምፓሮ ይቅር ብዬሻለሁ አላለቻትም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ከትናንት የተረፈ ሩዝና ጥቁር ባቄላ እንዳለ ጠየቀች። ነበር። በሉ።

ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ተጻጻፉ፤ ስለ ዲግና ልጆች፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ አውሎ ነፋስ። ስለዚያ ቀን አንድም መስመር እንዳልጻፉ ዲግና ነግራኛለች። ኦዲሊያ ስትሞት ዓይኗን የከደነችውም ዲግና ናት።

አምፓሮ ያን ጊዜ ከኦዲሊያ ቤት ወጥተን ስሸኛት ከቦርሳዋ ሳሙና አውጥታ ሰጠችኝ።

«አንቺ ያኔ፣ የእንቁላሉ ቀን፣ የት ነበርሽ? ልጅ ነበርሽ መሰለኝ» አለችኝ።

«አዎ፣ ልጅ ነበርኩ» አልኳት።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሳሙናውን ተቀብዬ አመሰገንኳት።